ገላጋይ የማያጣ ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢመዘን ምን ይወጣዋል? ሰውየው የሠራው ብቻ ነው? ወይስ ሊሠራ ሲል የተያዘውም ይቆጠርለታል? በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ፈቃድና ስለ ነፃነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደብኩም ተከራክሬአለሁ። ያን ጊዜ ነገሩ የመጻሕፍት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በስተርጅና፣ እዚህ ቦንጋ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳሰላስለው፣ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ሲጠግን የኖረው የጣሰው ጉዳይ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ጣሰው ጎሚስታ ነው። አርባን ተሻግሯል። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ የጭነት መኪና ጎማ እንደ ድስት ክዳን የሚያሽከረክር ሰው ነው። በሥራው አይታማም። እሱ የጠገነው ጎማ አይፈነዳም፤ የሚፈነዳው እሱ ራሱ ነበር። የባጃጅ ሹፌር ተራ ከጣሰ ወይም ደንበኛ "ትናንት የሠራኸው ዛሬ ተነፈሰ" ካለው የጎማ መፍቻውን ብረት ያነሣል። ብረቱ ሲነሣ ሰፈሩም አብሮ ይነሣል። ከሻይ ቤቱም፣ ከፀጉር ቤቱም፣ ከሱቁም ሰው ይጎርፋል። አንዱ ወገቡን፣ ሌላው ክንዱን፣ ሌላው ብረቱን ይይዛል።

"ልቀቁኝ! ዛሬስ ልቀቁኝ!"

"ተው ጣሰው፣ ስለ ማርያም!"

እሱ ወደ ፊት፣ እነሱ ወደ ኋላ ሲጓተቱ ቆይተው ቁጣው ሲደክም ይለቁታል። ብረቱ በማንም ላይ አርፎ አያውቅም። ስለዚህም ሰፈሩ "ጣሰው ሲቆጣ እንጂ ሲመታ አላየንም፤ ልቡ ደግ ነው" ይለዋል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ልቡ ደግ መሆኑን በምን አወቅን? እጁን የያዝነው እኛ ነን። ያዙኝ ልቀቁኝ የሚል ሰው ልጓሙን ከራሱ አፍ አውጥቶ ለጎረቤት አስይዟል። ጎረቤት በሌለበት ጊዜስ?

ጎረቤት የሌለበት ጊዜ መጣ። ሚስቱ ዘርትሁን የቢታ ገነት ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቃሏን መዝና የምትናገር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበውና ሰው የገዛ ድምፁን እንኳ በማይሰማበት ሰዓት፣ በማይረባ ነገር ተጣሉ። ብረቱን አነሣ። ኋላ እንደ ነገረኝ፣ ብረቱን አንሥቶ ጥቂት ቆሞ ነበር። የሚይዘውን ሰው እየጠበቀ ነበር። እጁ በሰው መያዝን ለምዷልና። ማንም አልመጣም። ብረቱ ወረደ፤ የመኝታ ቤቱ በር ለሁለት ተሰነጠቀ። ዘርትሁን ከበሩ ጀርባ ነበረች።

በማግስቱ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሽማግሌ ሆነን ቢታ ገነት ድረስ ሄድን፤ እኔም ነበርኩበት። በአክብሮት ተቀብላ አበላችን፤ ከዚያም እንዲህ አለች፦

"አባቶቼ፣ ሽማግሌ አልጠላሁም። ግን ሽማግሌ እኛ ቤት አያድርም። በሩ ሲዘጋ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሰው ሳይዘው በራሱ ሲቆም በዓይኔ ያየሁ ዕለት እመለሳለሁ።"

"ልጄ፣ ይህን እንዴት አድርገሽ ታዪዋለሽ?" አልኳት።

"እሱ ይወቅበት" አለች።

መልእክቱን ሳደርስለት ጣሰው ራሱን ያዘ። እንዴትስ ይወቅበት? ሰው ሳይዘው መቆሙን ለማሳየት መጀመሪያ መቆጣት አለበት፤ ሲቆጣ ደግሞ ቦንጋ ሁሉ ይይዘዋል።

ሰብሃት የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ የሞተር ብስክሌቱ ጎማ ተበስቶበት ጣሰው ዘንድ ቆመ። አንዱ ጆሮው እንደ ደረቀ እንጉዳይ የተጨማደደ ነበር።

"ጆሮህን ምን በላው?" አለው ጣሰው፣ የጎማውን ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ።

"ትግል። ጁጂትሱ የሚባል የመሬት ትግል አለ። ቦክስም እሠራለሁ።"

"ማን ገላገለህ?"

"ማንም። እዚያ ገላጋይ የለም። አንቀውህ ሲያቅትህ በእጅህ መታ መታ ታደርጋለህ፤ ያነቀህ ይለቅሃል።"

"ባይለቅስ?"

"ይለቃል። ሥልጠናው እሱ ነው።"

ጣሰው እጁን ከውኃው አላወጣም። ተበስቶ አረፋ የሚተፋውን ከመነዳሪ እያየ "ለእኔ ዓይነቱስ ታስተምራለህ?" አለው።

ቦታ የሰጣቸው መሐመድአሚን ነው። አባቱ ከመሀል አገር መጥተው የከፈቱትን የመለዋወጫ ሱቅ የሚያስተዳድር፣ ቀልደኛና ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ነጋዴ ነው። ሐኪም "ሱሪህን ሳይሆን ሆድህን አጥብብ" ብሎታልና እሱም ተማሪ ሆነ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ባዶ መጋዘን ውስጥ አሮጌ የፍራሽ ስፖንጅ በሸራ ጠቅልለው አነጠፉ። በሰጋቱራ የታጨቀ ጆንያ በከመነዳሪ አስረው ከማገሩ ላይ ሰቀሉ። በሩንም ይዘጉታል። እኔም አንዳንዴ ሄጄ ጥግ ላይ እቀመጥ ነበር።

ቦክሱን ጣሰው ወዲያው ወደደው። ጓንቱን ባጠለቀበት ዕለት ጆንያውን እስኪቀደድ ደበደበው፤ ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ቦነነ።

"ጋሽ ጣሰው፣ ጆንያው ምን በደለዎ?" አለ ሰብሃት።

"እሱ ነው የጀመረኝ።"

"እጅዎ መሄዱን አየን። የሚሄድ እጅ ሰው ሁሉ አለው፤ የሚሠለጥነው የሚመለሰው ነው። ወደ አገጭዎ ይመልሱት።"

የመሬቱን ትግል ግን ጠላው። እንኳን በዚያ ቀጭን መምህር፣ በማንም ሥር ተኝቶ አያውቅም። መጀመሪያ የታነቀ ዕለት መታ አላደረገም። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ሰብሃት ደንግጦ ለቀቀው። መሐመድአሚን "ወላሂ ሞተ!" እያለ የመጠጥ ውኃውን ፊቱ ላይ ደፋበት። ሲነቃ ሰብሃት ተቆጣው፦

"ለምን መታ አላደረጉም?"

ጣሰው ከስፖንጁ ላይ ቀና ብሎ በሩን አየ። በሩ ተዘግቷል።

"ገላጋይ ስጠብቅ" አለ።

ማናችንም አልሳቅንም፤ መሐመድአሚን እንኳ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ከልቡ ያዘው። ጠጅ ተወ። ጎሕ ሲቀድ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው ዳገት መሮጥ ጀመረ። በእኛ አገር ደግሞ ጎልማሳ ሰው በማለዳ የሚሮጠው መርዶ ሲኖር ነው፤ ባገኘው ሰው ሁሉ "ጣሰው፣ ማን ሞቶ ነው?" ይባላል። "ማንም አልሞተም፣ ለጤናዬ ነው" ሲል "እንግዲያው ለምን ትሮጣለህ?" ይሉታል። አንዲት ሴትማ እየተከተለች አልቅሳለች አሉ፣ መርዶ የደበቃት መስሏት።

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ተገፋ። መስከረም ሲጠባ ሌላ ጣሰው አየሁ። መሐመድአሚንን ከሥሩ አድርጎ፣ አንገቱን በክንዱ ቆልፎ፣ ያ ወፍራም እጅ ትከሻውን መታ ሲያደርገው እሳት እንደ ነካው ሰው ክንዱን ይበትነዋል። በራሱ ነው፤ ማንም ሳይጎትተው። ያን ሳይ ስለ ፈቃድ ያነበብኩት ሁሉ በአንድ የክንድ መላላት የተተረጎመ መሰለኝ። ጣሰው ወደ ዘርትሁን ላከባት፦ "ነይና እዪ።" እሷም "የወንድሜ ቡና ይለቀምና እመጣለሁ" አለች።

ከዚያ የለቀማው ወቅት መጣ። መጋዘኑ የመሐመድአሚን አጎት የቡና መጋዘን ነበርና እስከ ማገሩ በጆንያ ሞላ። ሌላ የሚዘጋ በር ፈለጉ። አንዱ ጋ አዳራሹ የስብሰባ ነው ተባሉ፤ ሌላው ጋ "ድብድብ ቤት ውስጥ እርግማን ያመጣል" ተባሉ። ስለዚህ ስፖንጁን አምጥተው ከጎሚስታው ጎን፣ አጥር በሌለው ሣር ላይ ዘረጉት።

ገና እንደ ተያያዙ እትዬ የሻረግ ጮኸች። እትዬ የሻረግ ከእኔ ደጅ ሥር ሙዝና አቮካዶ የምትሸጥ ባልቴት ናት። ሙዟን ጥላ ሮጣ ነጠላዋን በሁለቱ መሀል ዘረጋች። "ስለ እመቤቴ! ስለ ጡቴ!" የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ተከተላት። መሐመድአሚንን በአንድ ወገን፣ ጣሰውን በሌላው ጎትተው አቆሟቸው።

"ልምምድ ነው!" አለ ጣሰው።

"ይሁን፣ ይሁን፣ ተረጋጋ" አሉት።

በሳምንቱም እንደዚሁ ሆነ። ዙሪያውን ሸራ ቢጋርዱ የባሰ ሆነ፤ ሰዎቹ ተደብቆ የሚደረግ ጠብ ነው ብለው ሸራውን ቀደዱት። ጣሰው በአሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም "ልምምድ ነው" ብሎ ጽፎ አቆመ። ሰው ጎማው ላይ ያለውን እያነበበ፣ ጎማውን እየዘለለ ገባና ገላገላቸው።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሁለቱን ጠርተው አቆሟቸው።

"የጠባችሁ ሥር ምንድነው? መሬት ነው? ዕቁብ ነው?"

"ጠብ የለንም" አለ ጣሰው።

"ወላሂ የለንም፤ ምሳ እንኳ አብረን ነው የበላነው" አለ መሐመድአሚን።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ሰብሳቢው ጺማቸውን አሻሹና "ይህ ነው ክፉ" አሉ። "ሥር ያለው ጠብ ይነቀላል። ሥር የሌለውን ከየት እንያዘው?" አስተቃቀፏቸው። ሲተቃቀፉ መሐመድአሚን በጆሮው "ጣሴ፣ ከዚህ አቃቀፍ እንዴት ነው የሚወጣው?" አለው፤ ጣሰው ሳቁ አመለጠው። ያም እንደ ትዕቢት ተቆጠረበትና እንደገና ተመከረ።

ሰብሃት በዚህ መሀል ዝውውሩ ወጣለትና ሄደ። ሲሰናበት ለጣሰው ጓንቱን ተወለት። "ጋሽ ጣሰው፣ የቀረዎት የሚያይዎት ሰው ብቻ ነው" አለው። እኔ ደግሞ በልቤ፣ የቀረው እንዳላየ የሚያልፈው ሰው ነው አልኩ።

ለቀማው አልቆ ዘርትሁን በእሑድ እንደምትመጣ ላከች። ቅዳሜውን ጣሰው በሰፈሩ ቤት ለቤት ዞረ። ሻይ ቤቱ ገባ፣ ፀጉር ቤቱ ገባ፣ የሙዙ ጉልት ፊት ለፊት በጉልበቱ ተንበረከከ።

"እትዬ የሻረግ፣ ነገ ብወድቅ አያንሡኝ። ብጮህ አይስሙኝ። እስኪያልቅ ብቻ ተዉን።"

"እሺ የኔ ጌታ" አለችው።

ሁሉም እሺ አሉት። እኛ እሺ ስንል ሰውዬውን ደስ ይበለው ማለታችን እንጂ ቃል መግባታችን አይደለም። ይህን እሱ ማወቅ ነበረበት፤ ግን የቸገረው ሰው እሺን እንደ ቃል ይሰማዋል።

እሑድ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ረጥቦ ነበር። ዘርትሁን ሺሺንዳ ላይ መኪና ቀይራ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ከስፖንጁ ራቅ ብላ ቆመች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል፤ ለማየት ነው ብዬ ነበር።

በቦክስ ጀመሩ። መሐመድአሚን ሰው ሲያየው ይደናገጣል፤ እጁ አመለጠውና የጣሰውን አፍንጫ መታው። ደም በከንፈሩ ላይ ወረደ። ሕዝቡ "ኡ!" አለ። የጣሰውን ዓይን አየሁ፤ ያ ብረት የሚያነሣው ዓይን ነው። ከዚህ በኋላ ጨዋታ አልነበረም። ዘርትሁንም ቦርሳዋን ጨብጣ ወደ ፊት አንድ ርምጃ መጣች። እሷም ዓይኑን አውቃዋለች። የመጣችው ይህን ልታይ ነው።

ጣሰው ጓንቱን ወርውሮ ከሥሩ ገባ። ወገቡን ይዞ ጣለው፣ ላዩ ላይ ወጣ፣ ክንዱን በአንገቱ ዙሪያ ቆለፈ። የመሐመድአሚን ፊት ጠቆረ። እጁ ተነሣ። ትከሻውን አንዴ መታ አደረገ።

ሁለተኛው መታ ሳይደርስ ሰፈሩ ደረሰ። እትዬ የሻረግ ከነነጠላዋ፣ ፀጉር ቆራጩ ከነማበጠሪያው ገቡ። "ተዉዋቸው! ተዉዋቸው እባካችሁ!" ብዬ በትሬን ከፍ ሳደርግ አንዱ ጎረምሳ "አሁንስ ጋሼ አረጁ!" ብሎኝ አለፈ። ስንት እጅ እንደ ያዘው አላውቅም፤ ጣሰውን ከነክንዱ ነቅለው አነሡት።

"ልቀቁኝ!" ብሎ ጮኸ ጣሰው። "ልለቀው ነበር! ልቀቁኝ! ልለቀው ነበርኮ!"

በተያዘ ቁጥር ይታገላቸዋል፤ በታገላቸው ቁጥር ያጠብቁበታል። ደም በአገጩ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከሰው መሀል እየዘለለ፤ ያው የድሮው ጣሰው ሆኖ ቆመ። መሐመድአሚን እያሳለ "ሊለቀኝ ነበር፣ ወላሂ ሊለቀኝ ነበር" ሲል፣ እትዬ የሻረግ "ዝም በል አንተ! ከሞት ያወጣንህ እኛ!" አለችው። ኩራት ነበረባት። እንዳዳነችው ከልቧ አምናለች።

ሲለቁት ወደ ዘርትሁን ሄደ።

"አየሽ?" አላት።

መሐረቧን አውጥታ የአፍንጫውን ደም ጠረገችለት። ከመናኸሪያው የረዳቱ ጥሪ ይሰማል።

"ሰው አየሁ፣ ጣሰው። ብዙ ሰው አየሁ" አለች። "አንተን ግን ከለሉህ።"

"ልለቀው ነበር።"

"ይሆናል። አላየሁም።"

መሐረቡን እጁ ላይ ትታለት ወደ መናኸሪያው ወጣች።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ከጎኑ ተቀመጥኩ። "እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ትለቀው ነበር?" አልኩት።

"ጋሼ፣ እጄ መላላት የጀመረ ይመስለኛል። ግን ያላላሁት እኔ ነኝ ወይስ የጎተቱኝ እነሱ? አላወቅሁም። እንዳላውቅ አደረጉኝ።"

የበደሉትን ሰዎች ልረግማቸው ፈልጌ አልቻልኩም። ሮጦ የደረሰ ባለመኖሩ ብቻ ደም የፈሰሰባቸውን ቤቶች በዚህ አገር አውቃለሁ። እኔም ሰው ሲያያዝ ካየሁ እሮጣለሁ፤ አያቶቼም ሮጠዋል። ግን ሰውን ከክፉው የሚያድነው እጅ ከበጎውም ሊከለክለው ይችላል፤ ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ተይዞ የኖረ ሰው ክፉም ደግም አይባልም። ተያዘ ነው የሚባለው።

በሳምንቱ ጣሰው ራሱ ሽማግሎቹን ሰበሰበ። ክስ የለውም፤ ልመና ነው ያለው። ታጥቦ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ። ሰብሳቢው "ከሚስትህ ልናስታርቅህ ቢታ እንሂድ?" አሉት። አይደለም አለ። "ከመሐመድአሚን?" አይደለም አለ። ከዚያ የለመነውን ለመነ። አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው፤ ሌላው መሬቱን በበትራቸው ጫሩ። ሰብሳቢው "ልጄ፣ ሌላ ጠይቀን። ይህን ብቻ አትጠይቀን፤ ደሙ በእጃችን ይሆናል" ብለው መረቁት። ሰፈሩም ሰማና "ምስኪን፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግረው" አለ። እስከ ዛሬ ማንም እሺ አላለውም፤ ያን የሐሰቱን እሺ እንኳ።

ያለው ይህ ነው፦ "አባቶቼ፣ አትምጡ አላልኩም። ኑ፣ ሮጣችሁ ኑ፣ ከአጠገቤ ቁሙ። እጃችሁን ግን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጣምራችሁ ያዙልኝ።"